ነጩ ጽሑፍ ለምን ቀላ?

አንባቢዎቼ፤ በዚህ ዓምድ አልፎ አልፎ ከመማሪያ ክፍል ወጣ ብለን በከተማችን ስለሚሠሩት የእጅ ሙያዎች እንደምንጨዋወት ታስታውሳላችሁ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ሹራብ ነው። ሹራብ ደግሞ ምን ወግ አለው አትበሉኝ፤ ባለፈው ዓመት እንቅልፍ የነሣኝ እርሱ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሊጨርሱ ሲቃረቡ የክፍላቸው ስም የታተመበት አንድ ዓይነት ልብስ መልበስ እንደሚወዱ የማያውቅ የለም። በእኔ ኀላፊነት ሥር የነበሩት 41 ተማሪዎችም ባለኮፍያ ቀይ ሹራብ፣ ልጆቹ «ሁዲ» የሚሉትን፣ መርጠው በደረቱ ላይ የክፍላቸው ስም በነጭ እንዲታተምበት ወሰኑ። ገንዘብ ሰብሳቢው እኔ ሆንሁ። አንዳንዱ በአንድ ቀን ከፈለ፤ አንዳንዱ ግን ከምሳው እየቆጠበ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት አመጣ። ከሁሉ በኋላ የጨረሰው ከትምህርት ሰዓት ውጭ ጫማ እየጠረገ የሚማር ልጅ ነበር። የመጨረሻዋን ብር ከሰጠኝ በኋላ በደብተሬ ላይ ከስሙ አጠገብ «ተከፍሏል» ብዬ እስክጽፍ ድረስ ቆሞ ተመለከተኝ።

እኔም ፈተና ሳይደርስብን ይለቅ ብዬ ተቻኮልሁ። ቅርብ ወዳለው ማተሚያ ሄጄ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቅሁ፤ ስንት ነው? መቼ ይደርሳል? ሁለቱም መልስ ደስ አሰኘኝና ቀብዱን ከፍዬ ወጣሁ።

ሹራቦቹ በተባለው ቀን ደረሱ። ጽሑፉ እንደ ወተት ነጭ ነበር። ልጆቹ ለበሱት፤ ፎቶግራፍ ተነሡበት፤ ለእኔም አንዱን አለበሱኝ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ወደ ክፍል ስገባ ግን ያ ወተት የመሰለው ጽሑፍ ሮዝ ሆኖ ጠበቀኝ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ቀልደኛ ልጅ፤ «ቲቸር፣ ጽሑፉ አፍሮ ቀላ!» ቢል ክፍሉ በሙሉ ሣቀ። ጫማ ጠራጊው ልጅ ግን አልሣቀም።

በዚያው ቀን ወደ ማተሚያው በቁጣ ሄድሁ። ባለቤቱ የእኔ እኩያ የሆነ ወጣት ነው። «መምህር፣ ጥፋቱ የቀለሙ ነው፤ የሸጠልኝ ሰው አታለለኝ» አለ። እኔ ደግሞ፤ «ያታለልኸውስ አንተ ነህ» አልሁት። እንዲህ ተባብለን በክፉ ተለያየን። አሁን ሳስበው ከሁለታችንም አንዳችን እውነቱን አላወቅንም ነበር። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ማለት ይኸው ነው።

በማግስቱ አንድ ባልደረባዬ ለብዙ ዘመን ልብስ ሲያትሙ ወደ ኖሩ አንድ ሽማግሌ ወሰደኝ። ጋሼ (ስማቸው እንዲጻፍ አልወደዱም) ሹራቡን ተቀብለው ጽሑፉን እንኳ ሳያዩ ገለበጡት። ከውስጥ ስፌቱ ጥቂት ክር መዝዘው ክብሪት ጫሩበት። ክሩ እንደ ሻማ ቀለጠና ጫፉ ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ሆኖ ቀረ።

«ምን ይሸትሃል ልጄ?» አሉኝ።

«ላስቲክ ላስቲክ ይላል ጋሼ።»

«ጥጥ ቢሆን ኖሮ ወረቀት ወረቀት ይሸትህ ነበር፤ የሚቀረውም ለስላሳ ዐመድ ነው። ይህ ፖሊስተር ነው። የምታስተምረው ምንድን ነው አልኸኝ?»

«ኬሚስትሪ» አልሁ፤ ድምፄ ግን ከጉሮሮዬ በቅጡ አልወጣም።

እንግዲህ ከእርሳቸው የተማርሁትን፣ ኋላም ከመጻሕፍት ያመሳከርሁትን ላካፍላችሁ።

በብዙ ሰው ዘንድ «ስክሪን ፕሪንት» የሚባለው የሕትመት ዘዴ በመሠረቱ በወንፊት ማተም ማለት ነው። በአራት ማዕዘን ፍሬም ላይ ረቂቅ ወንፊት ይወጠራል። ወንፊቱ ብርሃን ሲያገኘው በሚጠነክር ኢመልሽን በተባለ ቅባት ይለበጥና ይደርቃል። በላዩም ጽሑፉ በጥቁር የተሣለበት ፕላስቲክ ተደርጎ ኀይለኛ ብርሃን ይበራበታል። ብርሃን ያገኘው ቦታ ይጠነክራል፤ በጥቁሩ ፊደል የተጋረደው ግን ለስላሳ እንደ ሆነ ስለሚቀር በውሃ ታጥቦ ይወርዳል። እንዲህ ሆኖ በወንፊቱ ላይ የፊደሉ ቅርጽ ብቻ ክፍት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ወንፊቱን በልብሱ ላይ አድርጎ ቀለም አፍስሶ በላስቲክ መግፊያ አንድ ጊዜ መሳብ ነው፤ ቀለሙ በክፍቱ ቦታ አልፎ ልብሱ ላይ ያርፋል።

ዘዴው በጃፓን ከጥንት ጀምሮ በተበሳ ወረቀት ልብስ ያቀልሙበት ከነበረው ጥበብ ጋር ዝምድና አለው። በእንግሊዝ አገር የማንችስተሩ ሳሙኤል ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1907 በሐር ወንፊት ስለ ማተም የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ዛሬ ሐሩ በፖሊስተር ክር ተተክቷል። አሜሪካዊው ማይክል ቫሲላንቶን ደግሞ አያሌ ፍሬሞችን ተሸክሞ እየዞረ ልብስን በብዙ ቀለም የሚያትም መሣሪያ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1969 የፈጠራ መብት አገኘበት። በየመንገዱ የምናየው ባለጽሑፍ ካናቴራ እንዲህ ለመብዛቱ እንዲህ ያለው መሣሪያ ብዙ ረድቷል።

ካናቴራ ላይ ማተም የለመደ ሰው ፍሊስ ላይም እንደዚያው የሚሆንለት ይመስለዋል። ስሕተቱም ከዚህ ይጀምራል። ለመሆኑ ፍሊስ ምንድን ነው? ቃሉ በእንግሊዝኛ የበግ ጠጉር ማለት ነው። ባለኮፍያው ሹራብ የሚሠራበት ፍሊስ በውጭ ገጹ ለስላሳ ሹራብ ሲሆን በውስጡ በኩል ያሉት የክር ቀለበቶች በሽቦ ብሩሽ ተበጥረው እንደ ጠጉር እንዲቆሙ ይደረጋል። ሙቀት የሚሰጠው በዚያ ጠጉር መካከል የሚታሰረው አየር ነው። ሌላው ዓይነት ደግሞ በሁለቱም ገጽ የተበጠረ፣ ሁለመናው ፖሊስተር የሆነ፣ ለብርድ የሚለበሰው ነው፤ ይህን በማሳቹሴትስ የነበረው ማልደን ሚልስ የተባለ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1979 አወጣው። የፊተኛው ከጥጥ፣ ከፖሊስተር ወይም ከሁለቱ ድብልቅ ሊሠራ ይችላል። በሱቅ ተሰቅሎ ሲያዩት ግን ሁሉም አንድ ይመስላል።

ለአታሚው ፍሊስ ከካናቴራ የሚለይበት ነገር ብዙ ነው። መጀመሪያ ጠጉራም ነው። ቀለሙ በስሱ ቢደረግ ጠጉሩ በቀለሙ መካከል ብቅ ብቅ ይልና ነጩ ጽሑፍ አመድማ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ብዙ ቀለም የሚያሳልፍ ሰፋ ያለ ወንፊት፣ ለምሳሌ በአንድ ሴንቲሜትር 43 ክር ያለው ይመረጣል። ከዚያም አንድ ጊዜ አትሞ፣ ለአጭር ጊዜ አሙቆ፣ ጠጉሩ ከተኛ በኋላ በላዩ ሁለተኛ ማተም ነው። የመጀመሪያው ድርብ ጠጉሩን ያስተኛዋል፤ ሁለተኛው ንጣቱን ያመጣዋል። በሁለቱ መካከል ግን ልብሱ ጥቂት መቀዝቀዝ አለበት፤ አለዚያ የጋለው ልብስ የወንፊቱን ቀለም ያረጋዋል።

ሁለተኛ፣ ፍሊስ ወፍራምና እንደ ስፖንጅ የሚጫን ነው። ወንፊቱ በልብሱ ላይ ተለጥፎ እንዳይቀር ከሳንቃው ጋር ያለው ክፍተት ለካናቴራ ከሚደረገው ይበልጣል፤ እንደ ልብሱ ውፍረት ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ይደርሳል። ልብሱም ከባድ ስለ ሆነ በሳንቃው ላይ በማጣበቂያ በደንብ ካልተያዘ ከመጀመሪያው ድርብ በኋላ ይንሸራተትና ሁለተኛው ጽሑፍ እንደ ጥላ ጎን ይወጣል።

ሦስተኛ፣ ኪሱ፣ ዚፑና ስፌቱ አሉ። ወንፊት ጠፍጣፋ ቦታ ይወዳል። ጽሑፉ በኪሱ ስፌት ላይ ከወጣ በአንድ ወገን ቀለም ይከማቻል፤ በሌላው ወገን ጭራሽ አይደርስም። ስለዚህ ጽሑፍ ከስፌት ራቅ ማለት አለበት። እኛ ጽሑፋችን ትልቅ እንዲሆንልን የምንጨቀጭቅ ደንበኞች ይህን አናስብም።

ዋናው ነገር ግን አራተኛው፣ ይኸውም ሙቀቱ ነው። ለልብስ በብዛት የሚሠራበት ቀለም ፕላስቲሶል ይባላል፤ የፕላስቲክ ዱቄት ዘይት በመሰለ አለስላሽ ፈሳሽ ተለውሶ የተሠራ ነው። ይህ ቀለም እንደ ግድግዳ ቀለም በነፋስ አይደርቅም፤ ዓመት ቢሰቀል እንደ እርጥብ ይኖራል። የተለመደው ዓይነት እስከ ታችኛው ድርብ ድረስ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲግል ብቻ ተዋሕዶ አንድ ወጥ ይሆናል። ሙቀቱ ካነሰ ከላይ የደረቀ ይመስልና ልብሱ ሲለጠጥ ይሰነጠቃል፤ ጥቂት ጊዜ ሲታጠብም ይላጣል። ፍሊስ ደግሞ ወፍራም ስለ ሆነ ሙቀቱን ይጠጣል፤ በውስጡ ያለው እርጥበትም እስኪተን ድረስ ቀለሙ በቶሎ አይግልም። ስለዚህ አታሚው፤ «እንዳይላጥብኝ» ብሎ ሙቀቱን ይጨምራል።

ይጨምር እንጂ፤ ልብሱ ጥጥ ከሆነ ጉዳት የለውም። የጥጥ ማቅለሚያ፣ በተለይ ከክሩ ጋር በኬሚካል ትስስር የሚተሳሰረው፣ በዚህ ሙቀት ከቦታው አይነቃነቅም። የፖሊስተር ማቅለሚያ ግን ከክሩ ጋር አልተጋባም፤ በጋለ ውሃ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ130 ዲግሪ አካባቢ፣ ወደ ክሩ ገብቶ የሰፈረ እንግዳ ነው። እንደገና በኀይል ሲግል እንግዳው ይነሣል፤ እንደ ትነት ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል። በላዩ የሚያገኘው ደግሞ በአለስላሽ ፈሳሽ የተሞላውን ነጭ ቀለም ነው። እዚያም ሰተት ብሎ ይገባል።

ይህን ለማስረዳት ጋሼ የሰጡኝ ምሳሌ ከመጽሐፍ ይልቅ ገባኝ። «የዶሮ ወጥ ሲበስል አላየህም? የበርበሬው ቅላት ወዴት ይሄዳል? ወደ ቅባቱ አይወጣም? ቅባት ባየ ቁጥር የሚከተል ቀለም አለ ልጄ» አሉኝ። እውነትም በወጡ ላይ የሚንሳፈፈው ቅባት ቀይ ነው። የእኛም ሹራብ ቅላቱን ወደ ነጩ ጽሑፍ አወጣው። ነገሩን የሚያከፋው ይህ መሸሽ ሁልጊዜ ወዲያው አለመታየቱ ነው፤ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ሊገለጥ ይችላል። ስለዚህ አታሚው ነጭ አድርጎ ያስረከበው እውነቱን ነው፤ እኛም ሮዝ ሆኖ ያገኘነው እውነታችንን ነው። ቀይና ወይን ጠጅ ፖሊስተር በዚህ ጠባያቸው በአታሚዎች ዘንድ የታወቁ ናቸው።

ታዲያ ፖሊስተር ፍሊስ ላይ ነጭ አይታተምም ማለት ነውን? አይደለም። ባለሙያዎቹ ሦስት መንገድ አላቸው። አንደኛው፣ ከ130 እስከ 140 ዲግሪ ባለው ሙቀት የሚዋሐድ ፕላስቲሶል መጠቀም ነው፤ ሙቀቱ ሲያንስ ማቅለሚያውም ረጋ ብሎ ይቀመጣል። ሁለተኛው፣ ለፖሊስተር ተብሎ የተዘጋጀውን፣ የማቅለሚያውን ስደት የሚከላከለውን ነጭ መግዛት ነው። ሦስተኛው፣ ከነጩ በታች ግራጫ ወይም ጥቁር መከላከያ ድርብ ማተም ነው፤ ሸሺው ማቅለሚያ በዚያ ይታገዳል። በሁሉም መንገድ ቢሆን ሙቀቱ በግምት ሳይሆን በመለኪያ መታወቅ አለበት፤ ከማሞቂያው የወጡ ትኩስ ልብሶችም ሳይቀዘቅዙ አንዱ በሌላው ላይ መከመር የለባቸውም፤ በክምሩ ውስጥ ሙቀቱ ታፍኖ ስለሚቆይ ስደቱ ይቀጥላልና።

በውሃ የሚሟሟ ቀለምም አለ። ይህ ወደ ክሩ ውስጥ ስለሚገባ ሲዳስሱት እንደ ፕላስቲክ አይሻክርም፤ ጥጥ ለበዛበት ፍሊስ፣ በተለይም ነጣ ያለ ልብስ ላይ ጥቁር ጽሑፍ ለሚፈልግ ሰው ያማረ ነው። ለቀይ ፖሊስተር ላይ ነጭ ጽሑፍ ግን ብቻውን አይበቃም፤ የታችኛውን ቀለም አይሸፍነውምና።

ወደ 41ዱ ሹራቦች ልመለስ። ጋሼን፤ «ነጩን መልሶ ማንጣት ይቻላል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «የገባውን ማስወጣት አይቻልም፤ መሸፈን ግን ይቻላል። ደግሞ በነጭ ብትሸፍነው ያው ይመለስብሃል። በጥቁር ሸፍነው፤ ጥቁር ቀይ እንግዳ ቢመጣበት አይታወቅበትም» አሉኝ። ፊደሎቹ ከፊተኞቹ ጥቂት ወፈር ብለው በአዲስ ወንፊት ተሣሉ፤ ምክንያቱም ፍሊስ ላይ የቀድሞውን ጽሑፍ በትክክል ገጥሞ ማተም ያስቸግራል፤ ወፈር ያለው ፊደል ግን ጥቂት ቢዛነፍም ሮዙን ይሸፍናል።

ከዚህ በኋላ ያን ወጣት አታሚ ፈልጌ ሄድሁ። ክብሪት ይዤ ነበር። ከሱቁ ክሮች እየመዘዝን አብረን አቃጠልን፤ ከቀለጡት አንዱን በጣቱ እያሻሸ ብዙ ዝም አለ። ኋላም፤ «መምህር፣ ይህን እኮ ማንም አልነገረኝም» አለኝ። እኔም ይቅርታ ጠየቅሁት፤ «አታላይ» ብዬው ነበርና። የቀለሙን ወጪ እኩል ተካፈልን፤ ሥራውን ጋሼ እየቆሙ በእርሱ ቤት እርሱ ራሱ ሠራው። ከተማሪዎቹ አንድ ሳንቲም አልጠየቅንም።

ሹራቦቹን መልሼ ሳድል ጫማ ጠራጊው ልጅ የእርሱን ወስዶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ጽሑፉን በሁለት እጁ ለጠጠው፤ ለቀቀው፤ እንደገና ለጠጠው። አልተሰነጠቀም። «ቲቸር፣ ይህኛው ይቆያል?» አለኝ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ የማውቀውን መልስ ሰጠሁት፤ «ገልብጠህ በቀዝቃዛ ውሃ እጠበው፤ ጽሑፉ ላይ ካውያ አታሳርፍበት፤ ያኔ ይቆያል።» ለምን ቢሉ፣ ፕላስቲሶል ከተዋሐደም በኋላ ካውያ በቀጥታ ከነካው ይቀልጣል።

አንባቢዎቼ፤ ከእናንተ መካከል ለክፍል ጓደኞቹ ልብስ የሚያሳትም ተማሪ ወይም ለመሥሪያ ቤቱ የስፖርት ቡድን ማልያና ሹራብ እንዲያስገዛ የታዘዘ ወጣት ሠራተኛ አይጠፋም። ሰው የሰጣችሁ ገንዘብ በእጃችሁ ሳለ እኔ ያልጠየቅሁትን እናንተ ጠይቁ፤

1ኛ/ ልብሱ ከምን ክር ተሠራ? በአንገቱ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ካልታመነ ክር መዝዛችሁ ከቤት ውጭ በጥንቃቄ በክብሪት ፈትኑ።

2ኛ/ ቀለሙ ለዚያ ክር የተዘጋጀ ነውን? በስንት ዲግሪስ ይዋሐዳል? አታሚው ሙቀቱን የሚለካበት መሣሪያ አለውን?

3ኛ/ ጽሑፉ የሚያርፍበት ቦታ ከኪስ፣ ከዚፕና ከስፌት የራቀ ነውን?

4ኛ/ አስቀድሞ አንድ ብቻ ይታተም። ለጥጡት፤ እጠቡት፤ ቢያንስ ሦስት ቀን፣ ቢቻል ሳምንት አስቀምጡትና ተመልከቱት። የቀሩት ከዚያ በኋላ ይታተሙ።

ይህ አራተኛው ከሁሉ ይበልጣል። እኔ አንዱን አሳትሜ ሳምንት ብታገሥ ኖሮ የሚጠፋው አንድ ሹራብ ነበር፤ ስለ ቸኮልሁ ግን 41 ሹራብ አበላሸሁ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለም?

በዚህ ዓመት ደግሞ አዲሶቹ ተማሪዎቼ ስለ ሹራብ መንሾካሾክ ጀምረዋል። ትናንት ሁለቱ ከትምህርት በኋላ መጥተው ዋጋውን ሊነግሩኝ ቢጀምሩ፤ «ቆይ፣ ዋጋው ይቆየንና መጀመሪያ ክሩን አምጡልኝ» አልኋቸው። ተያዩና ሣቁ። ስለ ማቅለሚያ የማስተምረውን ትምህርት በሚመጣው ሳምንት ከመጽሐፉ ሳይሆን ከአንዲት ክብሪትና ከአንድ ቀይ ክር እጀምረዋለሁ። የእኔ ሹራብ ግን ሳይታደስ፣ ጽሑፉ እንደ ቀላ፣ በመማሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።